በሰኔ ሚካኤል የሚያነብ ልጅ

ገንዳ ውሃ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በኖርዌይ አገር፣ ስታቫንገር በሚባል በረዶ መካከል ለምትኖሪው ለአጎቴ ልጅ ለአየሁሽ ደረበ፤

የጥምቀቱ ጌታ ሳይበርድሽ ያቆይሽ። ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጅሽ ውቢትስ? እኛ ከናፍቆትሽና ከሙቀቱ በቀር የነካን የለም። ናፍቆቱን ችለነዋል፤ ሙቀቱን ሚካኤል ይያዝልን። ባለቤቴ አሸናፊ እንደ ወትሮው እርሻ ካምፕ ነው። እኔም የትራክተር መለዋወጫዬን እሸጣለሁ። ሰው ትራክተሩ ሲሰበር ያለቅሳል፣ እኔ አጽናናዋለሁ፤ በማጽናናት እየኖርን ነው።

ኔትወርኩ ሳይነግሩት መጥቶ ሳይሰናበት ስለሚሄድ፣ ይህን በወረቀት ጽፌ ለጎንደር ሾፌር እሰጣለሁ። እህቴ ውባንች ጎንደር ላይ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ያንቺንም መልስ አሳትማ በዚያው መኪና ትሰድልኛለች። መንገድ ከተዘጋ እስኪከፈት መጠበቅ ነው። ውባንች ስታነሳው እንደምታነበውም እወቂ። ለአንድ ሰው እንኳ አልናገርም ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተናግራ አታውቅም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዘንድሮ የሰኔ ሚካኤል ጽዋ ተረኛው አባትሽ ናቸው። አባትሽ ስል አባቴም ናቸው፤ የወለደኝ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸውና አባባ ለማለት ያንቺን ፈቃድ አልጠይቅም። ባለፈው እሁድ ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት "በሰኔ ሚካኤል ከልጅ ልጆቼ አንዱ ቆሞ ጸሎት ያነብልኛል፤ ይህን ሰምቼ ብሞት አይቆጨኝም" አሉ። ለዚህ የደረሰ የልጅ ልጅ ሁለት ነው፤ ያንቺ ውቢትና የኔ ለይኩን፣ ሁለቱም የስድስት ዓመት። ያንቺዋ ባሕር ማዶ ናት። ስለዚህ በትሕትና የማስታውቅሽ፣ የሚያነበው የኔው ልጅ ነው።

ቅርብ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልሽ። ለይኩን የጸሎት መጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። ጎረቤታችን ትርሐስ ስትሰማው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ የሷ ልጅ ሰባት ዓመት ሆኗት ገና "ለ"ን እያሳደደች ነው። እርግጥ የትምህርት ቤቱ መምህር "ልጁ አይከታተልም" ብሎኛል። ትምህርቱ ዝቅ ብሎበት ነው አልሁት።

ከተቻለሽ ለመጻሕፍቱ ጎማ ያለው ሻንጣ ላኪለት። በጀርባ መሸከም ለተራ ልጅ ነው።

በሁለት ወር ስለምትበልጪኝ "እትዬ በይኝ" ያልሽውን ከልጅነታችን ጀምሮ እያሰብሁበት ነው። ስወስን አሳውቅሻለሁ።

የለይኩን እናት፣ ስርጉት


ስታቫንገር፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው የለይኩን እናት፣ ለስርጉት፤

ሚካኤል በክንፉ ይጋርዳችሁ። የአባባ ጉልበት እንዴት ሆነ? ዘይቱን ማታ ማታ ቀቢልኝ።

ለይኩን አነበበ ያልሽውን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ደስታው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም።

እኛም ቤት ወሬ አልጠፋም። ልጅን ማወደስ ዓይን ይጠራል ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ ከጠየቅሽኝ ግን ልንገርሽ። ውቢት ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ሦስት ብቻ ተመረጡ፤ አንዷ እሷ ናት። ለሦስቱ ብቻ የተመደበች መምህርት አለች። ለብቻቸው ክፍል አላቸው፣ ምንጣፍ ያለው። ሌሎቹ ልጆች በመስታወት ያዩዋቸዋል። በዕጣ ደግሞ አይደለም፤ ፈትነው ነው። እዚህ አገር ልጁ ዛሬ ምን እንደሚያውቅ አይደለም የሚጠይቁት፤ ነገ እንዴት እንደሚያነብ ከወዲሁ ከአነጋገሩ ያዩታል።

ሻንጣውን ገዝቼ ወደ ጎንደር ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ጎማው ለአስፋልት የተሠራ ነው። የሰፈራችሁ መንገድ እንዳይሰብረው ለይኩን ተሸክሞ ይጎትተው።

መመረጧን ለአባባ ንገሪልኝ። ማኅበርተኛው ባለበት ቢሆን አልጠላም።

አየሁሽ


ገንዳ ውሃ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተመረጠችው ልጅ እናት፤

በጾም ጸሎት እንደምን ሰንብተሻል? ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሱቅ ውስጥ ፓምፕ እየሸጥሁ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ሰውየው የሌላ ትራክተር ፓምፕ ተሸክሞ ሄዷል። ተመልሶ ከመጣ አድራሻሽን እሰጠዋለሁ።

እንኳን ደስ ያለሽ። ምንጣፍ! መስታወት! ለሦስት ልጅ አንድ መምህርት! እዚህ መምህሩ የልጆቹን ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ደወል ይደወላል። እኔ አልቀናሁም። አሸናፊ "ምነው ሹሮው አረረ?" አለኝ፤ እሳቱ ነው አልሁት።

ለአባባም እንዳዘዝሽኝ ነገርሁ። ዛፉ ሥር ከርከዴ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና "የመረጧት እንደ ዘር ነው እንደ ጠጠር?" አሉ። ሰሊጥ ስናበጥር ለዘር የሚሆነውንም እንለያለን፣ ጠጠሩንም እንለያለን ማለታቸው ነው። አትቀየሚያቸው፣ ሽማግሌ ናቸው። እኔ አልሳቅሁም። ውባንች ስቃለች ካለችሽ አትመኛት።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ፈተናውን ላኪልኝ። ለይኩን የተመረጠ ልጅ ነው፤ ያጣው መራጭ ነው። እኔው እፈትነዋለሁ፤ ውጤቱንም ሳላዳላ አሳውቅሻለሁ።

የሰኔውን ነጭ ልብስ ሰፊው ጀምሮታል። አብርሃ ጅራ ያሉት ዘመዶች ሳይቀሩ "መጥተን እንሰማዋለን" ብለዋል። ትርሐስንም ራሴ ሄጄ ጠርቻታለሁ፤ ከፊት እንድትቀመጥ።

ስርጉት


ስታቫንገር፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስርጉት፤

እግዚአብሔር ጾሙን ይቀበልሽ። የዘገየሁት በሥራ ነው፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እንደምሠራ ታውቂያለሽ፤ የሚጠራኝ አያልቅም።

ፈተናው ሲያዩት ጨዋታ ነው የሚመስለው። ቃል ይሰጧትና በየቁራጩ ታጨበጭባለች፤ "ሰ-ሊጥ" ቢሆን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፊተኛውን ድምፅ ጥለሽ የቀረውን በይ ይሏታል። ሰሊጥ ያለ "ሰ" ምን ይቀራል እንደማለት ነው። መጨረሻው የሚመሳሰል ቃል እንድታመጣ ያደርጓታል። የምታውቃቸውን ነገሮች ሥዕል ደርድረው ሳትቆም በፍጥነት ስማቸውን ትጠራለች። ፊደልም ያሳዩዋታል። እኔ ወደ አማርኛ መለስሁት እንጂ እነሱ በቋንቋቸው ነው የሚጠይቁት፤ ቤት ውስጥ በኛው ሞክሬዋለሁ።

ወላጅንም ይጠይቃሉ። ልጅቷ አፏን የፈታችው መቼ ነው? ከቤተሰቡ ማንበብ ያስቸገረው ሰው አለ? ይህን የመጨረሻውን ተይው፤ ለወጉ ያህል ነው።

ስርጉት፣ ብዙ አትጫኝው። ልጅ ነው።

አየሁሽ


ገንዳ ውሃ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአየሁሽ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ዶሮው ጥሩ ነበር፤ አንቺ ባትኖሪም ተበልቷል።

"ብዙ አትጫኝው" ያልሽኝን ሳነብ ገባኝ። የፈራሽው እንዳይበልጣት ነው። ፍርሃትሽ ልክ ነበር፤ ለይኩን ፈተናውን ቦጫጭቆ ጣለው። ሳላዳላ ልንገርሽ።

"ሰሊጥ ያለ ሰ ምን ይቀራል?" ስለው ሳያመነታ "ገለባ" አለኝ። ይህ የገበሬ ልጅ መልስ ነው። ያንቺዋ ሊጥ ብላ ይሆናል፤ ሊጥ ማንም ይላል። "ገንዳ ውሃን አጨብጭብ" አልሁት፤ በቃህ እስክለው አጨበጨበ፤ ለከተማው ያለውን ፍቅር ያየ ሰው እንባው ይመጣል። "ጤፍን የሚመስል ቃል አምጣ" ብለው "ዳጉሳ" አለ። አይመስልም? ከሩቅ እስቲ ለዪው! ሥዕሎቹን ስደረድርለት ላሟ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ "ያቺ... ያቺ እንኳ... ወተት የምትሰጠው" አለ። ላም ብሎ ማለፍ ለሰነፍ ነው፤ እሱ ሥራዋን ነው የተናገረው። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነበር፤ ቁም ነገር እስኪያገኝ ነው።

ማንበብ ያስቸገረው ዘመድ ላልሽው ደግሞ በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም። አባባ እንኳ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ሦስት ዙር ተምረዋል። ደብዳቤሽን እኔ የማነብላቸው መነጽራቸውን ስለሚረሱ ነው። ለነገሩ ግን አየሁሽ፣ አባባን በመነጽር አይተሻቸው ታውቂያለሽ? እኔ አላስታውስም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ጎበዝ ልጅ የሚመርጡ ሰዎች ማንበብ ያቃተው ዘመድ ምን ያደርግላቸዋል?

ሻንጣው ደርሷል። አሁን ለለይኩን መነጽር ብትልኪለት ነው የሚሻል። ዓይኑን አሞት አይደለም። ሲያነብ እንዲያምርበት ነው።

ስርጉት


ስታቫንገር፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስርጉት፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የጠየቅሽኝን የዚህ አገር ሰው ጠያቂ ስለሆነ ነው ብለሽ እለፊው።

መነጽር ከመግዛቴ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። የኔታ ሀሁን ሲያስቆጥሩን ከርመው ወደ አቡጊዳ አምጥተው ፊደሉን ዘበራርቀው ያስነብቡን የነበረው ለምን ይመስልሻል? ዜማውን ይዘን ፊደሉን እንዳንለቅ ነው። ለይኩንንም እንደዚያ ጠይቂው። ጣትሽን እዚህም እዚያም እያደረግሽ።

በሰኔ ሚካኤል መጽሐፉን የሚገልጠው ማን ነው? ለይኩን ነው ወይስ ቄሱ?

አየሁሽ


ገንዳ ውሃ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአየሁሽ፤

ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም፤ ልጄን ለመፈተን ከበቃሽ ደህና ነሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ እንዲህ ነበር የጻፍሁልሽ፦ "ሴትዮ፣ አንቺ በምንጣፍሽ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሆነሽ፣ የልጄን ንባብ ለማሰናከል..." ብዙ ነበር። ጥሩ ስድብ ነበር። ቀድጄዋለሁ።

ምን ሆነ መሰለሽ። ከድንበሩ ማዶ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ሷሊህ የሚባል መካኒክ አለ፤ የሱቄ ደንበኛ ነው። የዘይት ማጣሪያ ሊገዛ መጣ። እኔም እንደ ልማዴ "የኔ ልጅ ያነባል እኮ" አልሁት። ሷሊህ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን የአማርኛ መመሪያ አውጥቶ "ያ ለይኩን፣ እስቲ አንብብልኝ፣ ማጣሪያው እንዴት ነው የሚታሰረው?" ብሎ ሰጠው። ለይኩን ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የጸሎት መጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ከላይ እስከ ታች ወረደው። ጣቱን ሁሉ እያስኬደ።

ሷሊህ እስከ መጨረሻው በክብር ሰማው። "አሚን" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "ወላሂ፣ የናንተ ትራክተር የማይሰበረው ለካ ማጣሪያው ስለሚጸለይለት ነው" ብሎኝ ሄደ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ በር ድረስ ሸኘውና እዚያው ቀረ።

በሩን ዘግቼ አቡጊዳውን አወጣሁ። ሀሁን በተራ ሲለው ወፍ ነው። ጣቴን "መ" ላይ ሳደርግ ግን ከ"ሀ" ጀምሮ በለሆሳስ እየዘመረ መጥቶ ደረሰበት። ጣቴን "በ" ላይ አደረግሁ፤ እንደገና ከ"ሀ" ተነሣ። ጎንደር ለመሄድ ሁልጊዜ ከመተማ ዮሐንስ እንደሚነሳ አውቶቡስ። ለአንድ ፊደል ያን ሁሉ መንገድ! ልጄ ሰነፍ ነው ያለው ማን ነው? የማያውቀውን ለመደበቅ ሲሠራ የከረመው ሥራ ለሦስት ሳሉግ፣ ለሦስት የእርሻ የቀን ሠራተኛ የሚበቃ ነው።

እጄን አንሥቼ ነበር። ልሸሽግሽ አልፈልግም፤ አንሥቼ ነበር። እሱ ግን እጄን አላየም፤ መጽሐፉን ነበር የሚያየው። "እማ፣ ይሄኛው ገጽ ያወራኛል፤ ሌላው ግን ዝም ይለኛል" አለኝ። "ለአባባ አትንገሪያቸው። ሌላም ገጽ አስጠኚኝ፣ ሁሉንም አስጠኚኝ።"

ሁሉንም! መጽሐፉ ስንት ገጽ እንዳለው አይቼ አለቀስሁ።

ነጩ ልብስ ተሰፍቶ አልቋል። ማኅበርተኛው ተጠርቷል። ትርሐስ ከፊት ትቀመጣለች። መጽሐፉን የሚገልጡት ቄሱ ናቸው። ልጄን ያን ሁሉ ሰው ፊት እንዲዋረድ የደገስሁለት እኔ ነኝ፣ በነጭ ልብስ።

እንግዲህ እውነቱን ንገሪኝ። ውቢትን የመረጧት እንደ ዘር ነው እንደ ጠጠር?

ስርጉት


ስታቫንገር፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስርጉቴ፤

ውባንች ይህን ሳታሳድር እንድትልክልሽ ለምኛታለሁ። ሰላምታውን ሌላ ጊዜ።

እንደ ጠጠር ነው። ማለቴ፣ እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። መምህርቷ ጠርታ "ልጅሽ ቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለይታ መስማት ያስቸግራታል፣ ስም መጥራትም ትዘገያለች" ስትለኝ የምትናገረው ስለኔ መሰለኝ። ሴትዮዋ ግን በሽታ ነው አላለችም። ደደብ ናት፣ ሰነፍ ናትም አላለችም። እንዲያውም ገና በስድስት ዓመቷ ቁርጡ አይታወቅም ነው ያለችኝ፤ ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል አለች። "ሌሎቹ ልጆች ራሳቸው የሚያገኙትን መንገድ፣ ለሷ እኛ አንድ በአንድ እናሳያታለን። መጽሐፍ እስክትጠላ ከጠበቅን ነው የሚከፋው፤ ቀድመን ከጀመርን ትደርሳለች" አለችኝ። ያንን እያሰብሁ ቤት ስገባ ያንቺ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። "ሳይደናቀፍ ይወርደዋል።" ስርጉት፣ ቅናት ሰው እንደሚያሳክክ ያን ቀን አወቅሁ። "ተመረጠች" ያልሁሽ ለዚያ ነው። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ ውሸቱ።

እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርሁም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ውቢት ከሰዓት በኋላ የት እንደምትቆይ ሲጠይቁኝ ፒያኖ ትማራለች እላለሁ። ባለፈው ለበዓል ትጫወትልን ብለዋል።

አባባም መነጽር የላቸውም። እኔም አላየሁም። ሦስት ዙር ተምረው ያልጨረሱት ለምን እንደሆነ ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ለይኩንን አታስነብቢው። ወባ ያዘው በይ። ገንዳ ውሃ ላይ ወባ ነው ሲባል ማን ይጠራጠራል?

አየሁሽ


ገንዳ ውሃ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአየሁሽ፤

ሚካኤል በዓመቱ በሰላም ያድርሰን፤ ከዘንድሮው ባነሰ ትዕይንት።

ምክርሽ በዋዜማው ደረሰኝ፤ ወደድሁት። ለይኩንን ቁጭ አድርጌ አስጠናሁት። "ቄሱ መጽሐፉን ሲያመጡ ጭንቅላትህን ትይዛለህ፤ እኔ ወባ ነው እላለሁ።" ደጋግመን ተለማመድን። ትኩሳት እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ አሳየሁት። እሱ ከኔ የተሻለ ተንቀጠቀጠ።

አባባ ግቢ ዳሱ ሞልቷል። የአብርሃ ጅራ ዘመዶች በጭነት መኪና መጥተዋል። ትርሐስ ከፊት ናት፤ ማን አስቀመጣት? ጸሎተ ጽዋው ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ አባባ "በሉ ልጄ ያንብብልኝ" አሉ። ለይኩን በነጭ ልብሱ ወጣ። ቄሱ መጽሐፉን ከመካከል ከፈት አድርገው "ከዚህ ጀምር፣ የኔ ልጅ" አሉት።

ለይኩን ገጹን አየ። ገጹ ዝም አለው። እኔን አየኝ። ጭንቅላቱን ያዘ፤ ከዚያ ጥናቱ ጠፍቶበት ይሁን እግዜር አናግሮት፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ "እማ፣ ወባው አሁን ነው የሚይዘኝ?" አለ።

ሳቁን ከጎንደር ውባንች ሳትሰማው አትቀርም። አንዱ ጠላውን በአፍንጫው አወጣው። ትርሐስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልጄ ግን አልሳቀም። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይሄኛው የተለማመድነው አልነበረም።

ተነሣሁ። ምን ልል እንደተነሣሁ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ምላሴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያማክረኝ እውነት ተናገረ። "ልጄ ማንበብ አይችልም" አልሁ። "ያንን አንድ ገጽ በቃሉ ነው የያዘው። ያነባል እያልሁ ከተማውን ያዞርሁት እኔ ነኝ። እሱ ፊደል ይቸግረዋል፤ በሌላ መንገድ ይማራል። የሚሳቅበት ካለ እዚህ ነኝ።"

  ሁሉም ወደ አባባ ዞረ። እርሳቸው እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። ያቺን እጅ ታውቂያታለሽ፤ "መነጽሬን ረሳሁ" የምትለዋን። ማኅበርተኛውም ያውቃታል፤ ሊሉ ነው ብሎ ጠበቀ። እጃቸው ኪሱ ውስጥ ቆየች። ከዚያ ባዶዋን አወጧትና ለሰው ሁሉ አሳዩዋት።

"መነጽር የለኝም" አሉ። "ኖሮኝም አያውቅም። ሦስት ዙር ተምሬ ሦስቴ ከ'ሀ' ነው የተነሣሁት። ና ወዲህ አንተ።" ለይኩን ሄዶ ጉልበታቸው ሥር ቆመ። ቄሱን "መጽሐፉን ይዝጉት አባ" አሉና ያንን የመጀመሪያውን ገጽ ሁለቱ አብረው በቃላቸው አሉት፤ ለይኩን በጣቱ ሱሪያቸው ላይ እየተከተለ። አባባ መሐል ላይ ስተው ለይኩን አረማቸው።

በማግስቱ ትርሐስ ሱቅ መጣች። ቀበቶ የምትገዛ መስላ ቆየችና በዝግታ "ያ ማጨብጨቡ... ለኔይቱም ይሆናል?" አለችኝ። ልቀናባት ፈልጌ ምክንያት አጣሁ። ማታ ማታ ከሁለቱ ጋር እናጨበጭባለን። የትምህርት ቤቱ መምህርም መጥቶ አየ፤ ከክፍሉ የሚያመጣቸው ሌሎችም እንዳሉ ነገረኝ።

መነጽሩን ተይው። ሴትዮዋ ውቢትን የምታጫውትበትን ሁሉ ጻፊልኝ፤ አንድም ሳታስቀሪ። ሌላ አልፈልግም። ሻንጣው ውስጥ ለይኩን ቆርኪ እየሰበሰበ ነው።

ስርጉት


ስታቫንገር፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስርጉቴ፤

ጨዋታዎቹን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ ሁሉንም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀናሁ። ጥር ላይ ውሸትሽን ሰምቼ ቀናሁ፣ ዛሬ ደግሞ በእውነትሽ። ያን ሁሉ ሰው ፊት! አባባ ያን ባዶ እጅ ሲያሳዩ እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ልጃቸው በፎቶ ነው ያነበብሁት። ይህን ቶሎ ይቅር የምልሽ እንዳይመስልሽ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፒያኖውን አቆምሁት። ለሁሉም ነገርኋቸው። አንዲት እናት ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጥታ አለቀሰች።

ትናንት ውቢት "ሰሊጥ ያለ ሰ?" ስላት "ሊጥ" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አየሁሽ


ገንዳ ውሃ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አየሁሽ (አንዴ ብቻ ነው፤ አትልመጂው)፤

ዝናቡ ገብቷል፣ ትራክተሩም ይሰበራል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ ደህና ናቸው። ዛፉ ሥር ተቀምጠው ከለይኩን ጋር አቡጊዳ ይዘዋል፤ አራተኛው ዙር ነው ይላሉ። ማን እንደሚቀድም ይፎካከራሉ፤ ከማን እንደወረስነው አሁን ገባኝ።

ሊጥ አለች? ሊጥ ማንም ይላል ብዬሽ ነበር፤ ቃሌን አንሥቻለሁ፣ ማንም አይልም። እኛ ቤት ገና ገለባ ነው።

ግን ስሚኝ። ዛሬ ጠዋት ለይኩንን "ገንዳ ውሃን አጨብጭብ" አልሁት። "ገን" አለና አጨበጨበ። "ዳ።" "ው።" "ሃ።" ከዚያ ቆመ። አየሁሽ፣ ቆመ! እጆቹን እንደከፈተ፣ የቀረ ነገር እንደሌለ አውቆ። ሷሊህ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ "አሚን" አለ።

ውቢት ስታቫንገርን ስንት አጨበጨበች? ሳትዋሺ ጻፊልኝ። ከአራት ከበለጠች ግን ፈተናው ይታይልኝ።

ስርጉት